የአጃንግ ችካል

«አጃንግ፣ ውሃው ፀሐይ ሳያገኘው ተነስና ታጠብ» አለች አቲየንግ፣ ከካውያዋ ቀና ሳትል።

«መጣሁ፣ እማ» አለ ቢያር ከቤት ውስጥ።

የልጁ አጎት አሊየር ኒም ዛፉ ሥር ፊቱን ሊታጠብ እንዳጎነበሰ ቀረ። ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው አልነበረም። ዛሬ ግን የልጁ «መጣሁ» ሰው የገዛ ስሙን ሲጠሩት እንደሚመልሰው ያለ ነበር፤ ሳያመነታ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። በመዳፉ የያዘው ውሃ በጣቶቹ መሐል ተንጠባጥቦ አለቀ። አጃንግ የቢያር ታላቅ ወንድም ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ቦር የሚወርደው ጀልባ ወንዙ መሐል ሲገለበጥ እዚያው ቀርቷል። ሬሳው አልተገኘም። እናቱ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ማሊያውን አጥባ ትተኩሳለች፤ ታናሽየውንም በታላቅየው ስም ትጠራዋለች፤ እሱም አቤት ይላል።

ማሊያው ቢጫ ነው፤ ጀርባው ላይ ሰባት ቁጥር አለው። ቁጥሩ በእሳት የተለጠፈ ስለሆነ ካውያ በቀጥታ ከነካው ይቀልጣል። አቲየንግ እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርግበትና በጨርቁ ላይ ካውያዋን ቀስ ብላ ታሳልፋለች፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ታያለች፤ ደግማ ትሸፍናለች። ከሰል ከገና ወዲህ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ለወጥ ትቆጥበዋለች፣ ለሻይም ትቆጥበዋለች፤ ለዚህ ማሊያ ግን ቆጥባ አታውቅም። ጭንቅላቷ ላይ ያለው ፀጉር ከልጇ ሞት በኋላ ምላጭ ያልነካው ስለሆነ ከሻሿ ሥር ሸሽቶ ወጥቷል። የአገሯ ሴት፣ ልጅ ሲሞትባት፣ ፀጉሯን ትላጫለች። እሷ እርሟን አላወጣችም። ከአጥሩ ውጭ ዓሣ ሻጯ ሳፋዋን ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ እየጮኸች መጣች፤ በእነሱ በር ላይ ስትደርስ ዝም አለች፤ የጎረቤት አጥር ጋ ስትደርስ ጩኸቷን ቀጠለች። ከወንዙ የወጣ ነገር እዚህ ግቢ እንደማይገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ቢያር ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ። ጎንበስ ሳይል የሚያልፍበት በር በሰፈራቸው በኒምራ ታላታ ውስጥ የለም። ከወንድሙ በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል፤ ገና እያደገ ነው። የተኛበት ምንጣፍ ስላጠረው እግሩ ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ሥር ገብቶ ያድራል። አልጋው የአጃንግ ነው። አበባ ያለበት አንሶላ ተነጥፎበት፣ ትራሱ ተመቻችቶ፣ ማንም አይተኛበትም፣ ማንም አይቀመጥበትም። ከሥሩ የአጃንግ ጫማ ቅርጹ እንዳይጠፋ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ተቀምጧል። ልጁ ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ጫማ ነው።

«የአጃንግ እናት፣ እንዴት አደርሽ?» አለ አሊየር ፊቱን እየጠረገ።

«ደህና። ዛሬ ይጠሩታል አይደል?»

ይህን በየሳምንቱ ትጠይቃለች። እሱም በየሳምንቱ «ቅዳሜ አይደል? ይጠሩታል» ይላል። ዛሬ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና «እናያለን» አለ።

አቲየንግ ካውያውን አቆመች። «ምኑን ነው የምናየው?»

አሊየር ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ነገሩ የተጀመረው መርዶው በመጣ ሰሞን ነው። ከቦር የመጡ ሽማግሌዎች ከኒሙ ሥር ተቀምጠው፣ ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ እንዴት ይሁን ሲሉ ዋሉ። እናትየዋ ያላየሁትን ልጅ አልቀብርም ብላ ምላጩን እምቢ አለች። በመጨረሻ ዓይናቸው የፈዘዘ አንድ ሽማግሌ ተናገሩ። በከብት ሰፈር ወጣት ሲሞት የበሬው ችካል አይነቀልም አሉ። ወንድሙ የራሱን በሬ አምጥቶ እዚያው ችካል ላይ ያስራል፤ የሟች ስም እንደቆመ ይኖራል፤ ሰፈሩም ጎደለ አይባልም። ጁባ ውስጥ፣ በዚያ ግቢ፣ በሬ ያለው ሰው አልነበረም። የነበረው ኳስ ነው። አጃንግ የጉማሬ ክለብ ኳስ አመላላሽ ነበር፤ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ሁሉም ዞረው አሊየርን አዩት። አሊየር የሟቹ አባት ታናሽ ወንድም ነው፤ ወንድሙ በጦርነቱ ከሞተ ወዲህ የዚያ ቤት ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ነው። የክለቡም አሰልጣኝ እሱ ነው። ቢያር ይቁምለት ተባለ። ማሊያውን ይልበስ፣ በወንድሙ ቦታ ይሰለፍ፣ በድምፅ ማጉያውም የወንድሙ ስም ይጠራ። አሊየር ዝም አለ። ሽማግሌ ፊት ዝም ያለ ሰው ደግሞ እሺ ብሏል።

ከሜዳው አጥር ጥግ ሮዳ ሻይ የምታፈላበት የላስቲክ ጥላ አለ። ቶምቤ እዚያ ተቀምጦ ጉልበቱን በብስክሌት ከመነዳሪ ይጠመጥም ነበር። የቦዳ፣ ሰው የሚያመላልሱ ሞተር ብስክሌቶች፣ ጎማ በመለጠፍ ይተዳደራል፤ በዚያ ክለብ ከእሱ ቀድሞ የገባ ተጫዋች የለም። ከአጃንግ ሞት በፊት ሁለቱ አብረው ይሰለፉ ነበር፤ አጃንግን ኳስ ማንጠር ያስተማረውም እሱ ነው። ችካሉ ለቢያር ከተሰጠ በኋላ ግን በዕድሜ የገፋውን ማስቀመጥ ቀላል ስለነበር ቶምቤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድም ቀን ቅር አለኝ አላለም። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ሊያቆም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ከመብረቅ ክለብ ጋር ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ከዘንድሮው ውድድር ይወጣል።

«ኮች መጣ። ሮዳ፣ ስኳሩን ደብቂ» አለ ቶምቤ።

«አንተ ጠጥተህ ምን ስኳር ተርፎ ነው የምደብቀው?» አለች ሮዳ።

አሊየር የላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ጉልበትህስ?»

«ቀኙ ይመጣል። ግራው ሌላ ክለብ ሳይፈርም አልቀረም።»

ሮዳ ሳቀች። ብርጭቆውን አሊየር ፊት እያስቀመጠች «ያን መለሎ ዛሬም ልታሰልፈው ነው?» አለች። «ባለፈው ቅዳሜ እኮ ኳሷን እንደ ፍም ነው ከእጁ የጣላት።»

«አንቺ ሻይሽን ቅጂ።»

«ሻዬንማ እቀዳለሁ። ልጁ አሳዝኖኝ ነው። የመብረቅ ደጋፊዎች ምን እንደሚሉት አልሰማህም? ‹ለሰመጠ ሰው ኳስ አታቀብሉ፣ ይዟት ይሰምጣል› ነው የሚሉት። ይህ ይባላል? እናቱ በሰማችስ?»

እናቱ አትሰማም ነበር። አቲየንግ ኳስ አታይም። ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን ይዛ ትመጣለች፣ ሴቶቹ መሐል ትቀመጣለች፣ አስተዋዋቂው ሳንቲኖ በድምፅ ማጉያው የአምስቱን ተሰላፊዎች ስም እስኪጠራ ትጠብቃለች። «ሰባት ቁጥር፣ አጃንግ ማዲንግ» ሲባል ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ከዚያ ውሃዋን ጠጥታ፣ በርጩማዋን አንስታ፣ ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በኋላ ተቀይሮ ለሚገባ ሰው ሳንቲኖ እንደዚያ ድምፁን አያነሳም። የሚጠራው ተሰላፊ ብቻ ነው። አሊየር ልጁን ባሰለፈ ቁጥር የሚያሰልፈው ለዚያች አንዲት ጥሪ ነበር፤ ባያሰልፈው ምን እንደሚሆን አስቦ አያውቅም፤ ማሰቡ ራሱ ያስፈራዋል።

ሮዳ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ቶምቤ ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ እያደረገ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሰልፈኝ ብዬህ አላውቅም። ዛሬም አልልህም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሳንቲኖ አጃንግ ማዲንግ ሲል ቀና እላለሁ። ሞኝ በለኝ፣ ቀና እላለሁ። ከዚያ ያ ልጅ እየሮጠ ይገባል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚሞትብኝ።»

አሊየር ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«ደግሞ አጃንግ ራሱ ቢኖር» አለ ቶምቤ፣ «ይህን ልጅ ኳስ አያስነጥረውም ነበር። ቅርጫት ሥር ነበር የሚያቆመው። ሠፈር ውስጥ ሲጫወቱ ምን ይለው እንደነበር ታስታውሳለህ? ‹እጅህን አንሳ፣ የቀረውን ለእኔ ተው።› እኛ እጁን አስረን ኳስ ሰጠነው።»

«ሽማግሌዎቹ ያሉትን እኔ ልሻር?»

«ሽማግሌዎቹ ስለ በሬ ነው የተናገሩት» አለ ቶምቤ። «በሬ የማን ችካል ላይ እንደታሰረ አያውቅም። ልጁ ያውቃል።»

አሊየር ገንዘቡን ከብርጭቆው ሥር አስቀምጦ ተነሣ። ቀኑ መጋል ጀምሮ ነበር። የውሃ ቦቴዎች ከወንዙ ሞልተው አቧራውን እያስነሱ ያልፋሉ፤ ከኋላቸው የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ሳይነካ የሚደርቅ ይመስላል። ወደ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሁለቱን በሐሳቡ ሲመዝን ቆየ። ቶምቤ ግማሽ ጨዋታ ከቻለ እሰየው ነው፤ ልጁ ደግሞ ሰሞኑን አንድ ኳስ አስገብቶ አያውቅም። እንደ አሰልጣኝ ቢሆን ነገሩ የሚያስጨንቅ አልነበረም። የሚያስጨንቀው ያቺ በርጩማ ናት።

ምሳ ኪስራ፣ ስሱ የማሽላ ቂጣ፣ በባሚያ ወጥ ነበር። አቲየንግ ትሪውን አስቀምጣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ማሊያው ከግድግዳው ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ነፋስ ሲገባ ከፍ ዝቅ ይላል። ቢያር አንድ ጉርሻ አንስቶ ብዙ አኘከ። እናቱ የእሱን ጎን ወጥ በኪስራ ቁራሽ እየገፋች ወደ እሱ አቀረበችለት። «ብላ። ባሚያ ትወድ የለ» አለች። ባሚያ የሚወደው አጃንግ ነበር። ቢያር ሌላ ጎረሰ። አሊየር ዓይኑን ትሪው ላይ ተክሎ ቀረ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ማንም ማንንም አያይም፤ ልክ ጎረቤት ሲጣላ እንደሚሰማ ሰው፣ ሁሉም ያልሰማ ይመስላል።

ወደ ሜዳ ሁለቱ በእግር ሄዱ። ልጁ ማሊያውን እንዳይጨማደድ በክንዱ ላይ አጋድሞ ይዞታል። አሊየር የማይረባ ነገር ያወራ ነበር፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መብረቁ ረጅም ልጅ የተሰበረ ጣት። ቢያር «እሺ» ይላል። ከመስቀለኛው መንገድ ቦዳዎቹን ለማሳለፍ ሲቆሙ ልጁ ራሱ ተናገረ።

«ሰኞ ለታ ትምህርት ቤት ለፈተና ስም ሲጠሩ ዝም አልኩ፣ አጎቴ።»

«እንዴት ዝም አልክ?»

«ቢያር ማዲንግ አሉ። ደገሙት። ልጆቹ ዞረው ሲያዩኝ እኔም አብሬያቸው ዞርኩ፤ ከኋላዬ ያለ ሰው መስሎኝ። ሳቁብኝ።» እሱም ትንሽ ፈገግ አለ። «ሜዳ ላይ ግን ይብሳል። ስስት እኔ ነኝ የምስተው። ‹ወንድሙን አይመስልም› ይላሉ። ሳገባ ደግሞ ‹አጃንግ፣ አጃንግ› ይላሉ። ስለዚህ ቢያር አንድም ቀን አግብቶ አያውቅም።»

ቦዳዎቹ አለፉ። ሁለቱም ለመሻገር ረሱ።

«አታሰልፈኝ አልልህም» አለ ቢያር። «እማ አለች። ዝም ብዬ ነው የነገርኩህ።»

አሊየር እጁን የልጁ ጀርባ ላይ አድርጎ አሻገረው። 

ሜዳው ሞልቷል። የመብረቅ ደጋፊዎች ከበሮ ይዘው በፀሐይ በኩል፣ የጉማሬ ሰዎች በጥላው በኩል ተቀምጠዋል። አቲየንግ ቀድማ ደርሳ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ከሜዳው ግንብ ጫፍ ሥር በርጩማዋን አስቀምጣለች። አሊየር በቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። ሊነግራት ነበር። እዚያ እስኪደርስ ቃላቱን አሰናድቷል፤ የአጃንግ እናት፣ ዛሬ አይጠሩትም፣ ስሚኝ፣ ሊል ነበር። እሷ ግን ገና ሲመጣ የውሃ ጆጓን ዘረጋችለት።

«ጠጣ፣ ፊትህ ጠውልጓል» አለችው። «ዛሬ ደህና አድርጌ ተኩሼዋለሁ። ሰባቱ ከሩቅ ይታያል፣ አይደል?»

ጠጣ። ጆጓን መለሰላት። «ይታያል» አለና ተመለሰ።

ሳንቲኖ የማጉያውን ገመድ እየጎተተ መጣ። ቀን የሬዲዮ ጥገና ይሠራል፤ ቅዳሜ ግን ከዳኛው በላይ ሰው ነው። «ኮች፣ አምስቱን ስጠኝ። እንደ ዱሮው ነው?»

አሊየር አራቱን ነገረው። ሳንቲኖ በጣቱ እየቆጠረ ጠበቀ።

«ሰባት ቁጥርስ?»

«ሰባት የለም። ቶምቤ በል።»

ሳንቲኖ ወደ ግንቡ ጫፍ ዞሮ አየ፤ ተመለሰ። «እናትየዋ ተቀምጣለች እኮ።»

«አይቻታለሁ።»

«ሰውዬ፣ እኔን አፈኛ ነው ይሉኛል እንጂ ልብ አለኝ። ይህን በእኔ አፍ አታስደርገኝ።»

«በአንተ አፍ ነው ያኖርነው» አለ አሊየር። «ደግሞ ልጁ በኋላ ሲገባ ድምፅህን አንስተህ ጥራው። አባቱ ባወጣለት ስም።»

ቢያር ማሊያውን ለብሶ ከወንበሩ ጫፍ ጫማውን ያስር ነበር። አሊየር አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «አውልቀው» አለው። የልጁ ፊት መጀመሪያ እንደተቀጣ ሰው ሆነ። ከዚያ ወደ ግንቡ ሊዞር ሲል አሊየር አገጩን ይዞ መለሰው። «እናትህን ለእኔ ተዋት።» ቢያር ማሊያውን ቀስ ብሎ አወለቀ፤ በካውያው መስመር መስመር አጥፎ ለአጎቱ ሰጠው። ቶምቤ ከቦርሳው ከዘጠኝ ቁጥሩ በፊት ይለብሰው የነበረውን አሮጌ ማሊያ አወጣ፤ አሥራ አራት ቁጥር፣ አንገቱ የተተረተረ፣ ነዳጅ ነዳጅ የሚል። «ሲለብሱት አይሸትም፤ ሌላውን ሰው ነው የሚሸተው» አለው። ልጁ አጥልቆት ቆመ። አጠረው። እምብርቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ቶምቤ ማንም ሳይስቅ ብቻውን ሳቀ።

ሳንቲኖ ጀመረ። አራቱን ጠራ፤ ለእያንዳንዱ ጥላው በኩል ያለው ሕዝብ አጨበጨበ። አቲየንግ ሰውነቷን አስተካክላ ዓይኗን ጨፈነች። ሳንቲኖ ትንሽ ትንፋሽ ወሰደ፤ በማጉያው ውስጥ ተሰማ። «ዘጠኝ ቁጥር፣ ቶምቤ ላኩ» አለ። ያረጁት ደጋፊዎች በደስታ ተነሡ፤ ወዲያው ግን እርስ በርስ ተያይተው ተቀመጡ። አቲየንግ ዓይኗን አልገለጠችም። ሌላ ስም ትጠብቅ ነበር። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ ኳሷ ወደ ላይ ተወረወረች፣ እሷ ግን አሁንም ዓይኗን እንደጨፈነች ነው። ከዚያ ገልጣ ከጎኗ ያለችውን ሴት አንድ ነገር ጠየቀቻት። አቲየንግ ውሃዋን አልጠጣችም፤ በርጩማዋንም አላነሣችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ አየች። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እያየች ሰባት ቁጥርን ትፈልግ ነበር። ሰባት ቁጥር አሊየር ጭን ላይ ነበር፤ እጁን ጭኖበት ተቀምጧል።

ቶምቤ እያነከሰ ኳሷን በእርጋታ አመላለሰ። መብረቆች ቀደሙ፤ ግን ብዙም አልራቁም። በሁለተኛው ሩብ አሊየር ቅርጫት ሥር የነበረውን ልጅ ጠራና ቢያርን አስነሣው። «ኳስ አታንጥር» አለው። «እጅህን አንሣ። የቀረውን ለቶምቤ ተው።»

ልጁ ወደ መስመሩ ሄደ። ሳንቲኖም ቃሉን ጠበቀ። ድምፁ ከማጉያው ወጥቶ ከግንቡ ጋር ተላተመ።

«አሥራ አራት ቁጥር፣ ቢያር፣ ቢያር ማዲንግ፣ የሟቹ የአጃንግ ወንድም!»

ያችን የመጨረሻዋን ሐረግ ማንም በል አላለውም ነበር። በልማድ የመጣች ናት፤ በዚያ አገር ሰው በወንድሙ ይታወቃል። ግን ሟች የሚለው ቃል በዚያ ማጉያ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። አቲየንግ ተነሣች። በርጩማዋ ተገለበጠች። ቶምቤ ኳሷን ከቅርጫቱ በላይ ወረወረ፤ ቢያር እጁን አንሥቶ ያዛት፤ መሬት ሳይነካ መልሶ ከተታት። ጥላው በኩል ያለው ሰው ሊጮህ አፉን እንደከፈተ ከግንቡ ጫፍ የመጣው ድምፅ ቀደመው። የእሪታ ድምፅ ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ዲንካውም ባሪውም፣ የመብረቅ ከበሮ መቺዎችም ጭምር፣ የምን ድምፅ እንደሆነ ያውቁታል። በየግቢያቸው ሰምተውታል። ከበሮው አቆመ። ዳኛው ፊሽካ አልነፋም፤ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ልጄ» አለች። «አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ተውኩህ።»

ሴቶቹ ተነሥተው ከበቧት፤ ወገቧን ያዟት፤ አንዷ ሻሿን ፈታችላት። ሮዳ ሻይዋን ጥላ መጣች። ቢያር ቅርጫቱ ሥር እጁን አላወረደም። ቶምቤ በመሐል ሜዳ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ፤ ሲያዩት ያመመው ይመስላል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አሊየር ማሊያውን እንደያዘ ቆመ። አጃንግ የሞተው ባለፈው ክረምት ወንዙ ላይ አልነበረም። አሁን፣ በዚህ ቅዳሜ፣ በእሱ ቃል ሞተ። እንዲህ ነው የተሰማው፤ ማንም እንዲህ አላለውም።

ጨዋታው በኋላ ቀጠለ ይላሉ። ጉማሬ ተሸነፈ። በዚያ ግቢ ውጤቱን የጠየቀ ሰው የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቢው በሰው ሞላ። ጎረቤቶች ምንጣፍና ከሰል ይዘው መጡ። ከመብረቅ ልጆች ሁለቱ ከበሮ የሚመቱበትን እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ሳያውቁ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል። መቀመጫ ስላልበቃ አልጋው ወደ ውጭ ይውጣ ተባለ፤ አቲየንግ አንዴ አየችውና በእጇ ውሰዱት አለች። አበባማው አንሶላ እንደተነጠፈ ከኒሙ ሥር አቆሙት። ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ቶምቤ እያነከሰ መጥቶ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ግራ እግሩን ዘረጋ። ከዚያ ሌሎቹ ተቀመጡ። አሊየር የታጠፈውን ማሊያ አመጣና ለአቲየንግ ሰጣት። አልጠየቀችውም፣ አልወቀሰችውም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ የካውያውን መስመር በአውራ ጣቷ ዳበሰች። እሱም ‹አልነገረኝም ብለሽ አዝነሽብኛል ወይ?› አላላትም። ይህ በሁለቱ መሐል እንዲሁ ቀረ።

አንዲት አሮጊት ምላጭ ይዘው ከጀርባዋ ቆሙ። ፀጉሩን ለማራስ ውሃ ያስፈልጋል።

«ቢያር» አለች አቲየንግ።

ማንም አልመለሰም። ልጁ አሥራ አራት ቁጥሩን እንደለበሰ ከበሩ ላይ ቆሞ ወደ መንገዱ ያይ ነበር።

«ቢያር፣ ውሃ አምጣልኝ» አለች እንደገና።

አሊየር ሄዶ ትከሻውን ነካው። «አንተን ነው» አለው።

«እኔን?» አለ ቢያር።

ከዚያ ከአጥሩ ጥግ ጄሪካኑን አነሣ፤ እናቱ አጠገብ ተንበረከከ፤ ጭንቅላቷ ላይ በመዳፉ ቀስ እያለ አፈሰሰው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ነበር፤ ሞቅ ብሏል።